ሠላሳ ሁለት ጊዜ ይቅር በለኝ

ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል ይላሉ። እኔ ያፈርሁ ቀን የጋለው ጆሮዬ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መምህራን ጢም ብለው በሞሉት አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሰው ሁሉ ያነባል፤ እኔ ብቻ መሬት መሬት አያለሁ። የማወጋችሁ በዚያ ቀን ከእጄ ስላመለጠችው ሰው፣ ስለ የትናየት ነው። ጥፋቱ የማን ይሆን እያላችሁ እንዳትደክሙ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የእኔ ነው።

ያሬድ እባላለሁ። እዚሁ እስቴ ተወልጄ፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ተመልሼ እናትና አባቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬን ለእናቴ ጓደኞች ማስረዳት አቅቶኛል። በሰፈሩ ስሜ "ቤት ውሎ ስክሪን የሚያይ ጎረምሳ" ነው። ለእናንተ ግን ልሞክር። ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት መምህራን የዝውውር ማመልከቻ የሚያስገቡበት የኢንተርኔት ገጽ ይሠራል። ገጹ በየዓይነቱ ስልክና ኮምፒውተር ላይ በትክክል መሥራቱን የምፈትሸው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ስልክ ከየት አምጥቼ? ክላውድ የሚሉት ነገር አለ። ስልኮቹና ኮምፒውተሮቹ ሩቅ አገር በአንድ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እኔ ከእስቴ ትእዛዝ ጽፌ እልካለሁ። የመረጥኋቸው ሠላሳ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ገጹን ይከፍታሉ፣ በሰጠኋቸው ስምና ጽሑፍ ቅጹን ይሞላሉ፣ "ላክ" የሚለውን ይጫናሉ። የሰው እጅ የለበትም። የሠሩትንም በቪዲዮ ቀድተው ይመልሱልኛል፤ ልክ ከሆነ አረንጓዴ ምልክት፣ ካልሆነ ቀይ። በቃ ሥራዬ ይኸው ነው።

የትናየት ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ የአማርኛ መምህርት ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ፤ አያታቸውም ቅድመ አያታቸውም እዚያው ያስተማሩ ናቸው። የእኔ አባት አገኘሁ ደግሞ ሸማኔ ነው። የአገራችንን ሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቀሪው ይገባዋል። ዘመኑ ተለውጧል ይባላል፤ ስብሰባ ላይ እውነት ነው። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌ አሁንም "የማን ልጅ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ "የሸማኔ" ሲባል ደግሞ ወሬ ይለውጣል።

የተዋወቅነው ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ነው። መኪናችን አልሞላ ብሎ ተቀምጠናል። እሷ ጭኗ ላይ የተማሪ ደብተር ከምራ ታርማለች፤ እስክሪብቶዋ አለቀባት።

"ወንድሜ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይኖርሃል?" አለችኝ።

አረንጓዴ ነበረኝ። በዚያ ሴሚስተር የወገዳ ልጆች የተሳሳቱትን ሁሉ በአረንጓዴ ነው የተነገራቸው። ከዚያ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ስለ ቤተሰቤ የመለስሁላትን ለጊዜው ልዝለለው፤ ስደርስበት ታውቁታላችሁ።

እውነቱን ያወቀችው ቤታችን የመጣች ቀን ነው። አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ አየችው። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ያላለቀውን ነጠላ ጥለት በጣቷ ነካ አድርጋ "አባባ፣ ይህን ሰማያዊ ከየት አገኙት?" አለችው። አባቴ ሥራውን አቆመ። ሸማኔን ሰው የሚጠይቀው "መቼ ይደርሳል?" ብሎ ነው እንጂ ስለ ቀለሙ የሚጠይቀው የለም። ነጠላው ሲያልቅ "ለዚያች ልጅ ውሰድላት" አለኝ።

ወገዳ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋልና በወረቀት ነበር የምንጻጻፈው፤ ሹፌሮች ያደርሱልናል። እንደ ድሮ ሰው እያላችሁ አትሳቁብኝ። ፖስታውን ስቀበል ሹፌሩ ፊት ፈገግ እንዳልል ከንፈሬን እነክስ ነበር።

የካቲት ላይ፣ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ይህ ደብዳቤ መጣ፦

"ያሬዴ፣

እንደምን ሰነበትህ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቤተ ልሔም ሄጄ ስለ አንተ ለአባቴ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና 'የማን ልጅ ነው?' አሉኝ። የአባትህ እጅ፣ ያ ሰማያዊ ጥለት፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። አፌ ግን 'የነጋዴ ልጅ ነው' አለ። እንዲህ ያልሁ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አባትህ የሰጡኝን ነጠላ መልበስ አፍሬያለሁ። ተመልሼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ አስቀድመህ ግን አንተ ይቅር በለኝ። ይቅር እስክትለኝ እግሬ አይሄድልኝም። መልስህን እጠብቃለሁ።

የትናየት ወልደ ገብርኤል
ወገዳ፣ የካቲት ፲፩ ቀን"

አነበብሁት። ከግድግዳው ማዶ የአባቴ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ውስጤ ተቃጠለ። መልስ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ፤ መልሼ ከተትሁት። ትንሽ ትቆይ፣ ይሰማት አልሁ። ትንሹ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር ሆነ።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ ወንድማገኝ ከባሕር ዳር ደወለልኝ።

"ያሬድ፣ የዝውውር ምክንያት የሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ አማርኛው አንዳንድ ስልክ ላይ እየተበላሸ ነው። 'ሀሀሀ ለለለ' እያልህ አትፈትሽብኝ። ሰው የጻፈው ረዘም ያለ አማርኛ አስገባበት፤ የግእዝ ቁጥርም ይኑረው።"

ሰው የጻፈው፣ ረዘም ያለ፣ የግእዝ ቁጥር ያለው አማርኛ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። "ሥራ ነው፣ ቸኩዬ ነው" ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል። ለራሴም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ታዲያ ስሟን ለምን አላወጣሁትም? ስሟ ከሌለበት ይቅርታው የማንም ይሆንብኛል። ጽሑፉን ባንድ ጊዜ መለጠፍ ሲቻል ማሽኑ እንደ ሰው ፊደል በፊደል እንዲጽፈው ያዘዝሁትስ ለምንድን ነው? ሲጻፍ ማየት ስለፈለግሁ ነው። ፍተሻውን አስጀምራለሁ። ሠላሳ ሁለት ስክሪን ላይ "ይቅር በለኝ" ይጻፋል፣ "መልስህን እጠብቃለሁ" ይጻፋል፣ ከሥሩ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። አንዱን ቪዲዮ አይቼ ስጨርስ ሌላውን እከፍታለሁ። በቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቴ፤ ፍተሻ በማያስፈልግበት ቀን እንኳ አስጀምረው ነበር።

ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ተናገርሁት። የምወዳት ልጅ አንድ ጊዜ የለመነችኝን እኔ በየቀኑ አስለመንኋት፤ እሷ ደግሞ ወገዳ ሆና ኔትወርክ በመጣ ቁጥር "ደብዳቤዬ ደረሰህ?" ብላ ትልክልኛለች። "ደርሷል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" እላታለሁ። ይህን ስጽፍላችሁ እንኳ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

*

ግንቦት ላይ ገጹ ተጠናቀቀና ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት የተውጣጡ መምህራን ለሥልጠና መካነ ኢየሱስ ተጠሩ። ወንድማገኝ ፕሮጀክተሩን ይዞ መጣ። እኔ ገመድ እያያያዝሁ ቀና ስል የትናየት በር ላይ ቆማለች። አብራት የምታስተምረው ዓለሚቱ ከጎኗ ናት። የለበሰችው የአባቴን ነጠላ ነበር፤ ሰማያዊ ጥለቱ ከትከሻዋ ወርዷል።

አየችኝ። ፈገግ ልትል ስትጀምር እኔ ገመዱ የጠፋብኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መልበስ አፍሬያለሁ ያለችውን ነጠላ ዛሬ ለምን ለበሰችው ብዬ አልጠየቅሁም። ያፈረችበትን ለብሳ ልትለማመጠኝ መጣች አልሁ፤ ኩራቴ ይህን ያህል ነበር።

ወንድማገኝ ገጹን በቀጥታ ሊያሳይ ሞከረ፤ ኔትወርኩ እንቢ አለ። መምህራኑ ማንሾካሾክ ሲጀምሩ "ችግር የለም!" አለና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። "ያሬድ የፈተሸበት ቪዲዮ ላፕቶፔ ላይ አለ። ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ ከእሱ ታዩታላችሁ።"

ወንድማገኝ ቪዲዮዎቹን ከፍቶ ያያል፤ የሚያየው ግን አረንጓዴውን ነው። ጽሑፉን አንብቦት አያውቅም።

መጀመሪያ አልገባኝም። የትምህርት ደረጃ ተሞላ፣ የአገልግሎት ዘመን ተሞላ። ጠቋሚዋ ወደ "የዝውውር ምክንያት" ስትወርድ ነው የገባኝ። "ወንድማገኝ፣ አቁመው" አልሁ። ድምፄ አልወጣም። ግድግዳው ላይ "ያሬዴ" የሚል ተጻፈ።

አዳራሹ ሳቀ። መምህር ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ካየ ያነባል፤ ከኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ፊደል በፊደል ስለሚጻፍ ማንም አልቸኮለም። "የማን ልጅ ነው?" ላይ ሲደርስ ሳቁ ቀነሰ። "የነጋዴ ልጅ ነው" ሲል ጸጥ አለ። የከተማችን መምህራን የማን ልጅ እንደሆንሁ ያውቃሉ። እግሬን እንደምንም አንቀሳቅሼ ገመዱን የነቀልሁት ስሟ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

"እ... ይኼ ምሳሌ ነው" አለ ወንድማገኝ እየተንተባተበ። "ለፍተሻ የተፈጠረ ጽሑፍ ነው፤ እውነት አይደለም።"

የትናየት ተነሣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"እውነት ነው" አለች። "የጻፍሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ብላ በመካከላችን አልፋ ወጣች። እኔ የነቀልሁትን ገመድ እጄ ላይ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ውሸቷን አምና የወጣችው እሷ ናት፣ ጠረጴዛ ሥር የተደበቅሁት እኔ ነኝ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

*

ያገኘኋት ከአዳራሹ ጀርባ፣ የውኃ ሮቶው አጠገብ ነው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"የትናየት..."

"አቶ ያሬድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

እርስዎ አለችኝ። ከመሪጌታ ልጅ አፍ እርስዎ መባል እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

"ያ ማሽን ስንት ጊዜ ነው ይቅር በለኝ ያለዎት?"

መዋሸት እችል ነበር። "ባንድ ጊዜ ሠላሳ ሁለት" አልሁ።

"ባንድ ጊዜ ማለት?"

"በቀን... አንዳንድ ቀን ሁለቴ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጋቢት።"

የሒሳብ መምህርት አይደለችም፤ ግን ልታሰላው ስትሞክር አየኋት። መሃል ላይ ተወችው።

"እኔ አንድ ጊዜ ነው ያልሁት" አለች። "ያችን አንዷን ለማለት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሹፌሩ ሲመጣ ሮጬ፣ ሲሄድ ቆሜ፣ ለእኔ የመጣ የለም ወይ እያልሁ፣ እዚያ የወገዳ ሰው መሳቂያ ሆኛለሁ። አንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጠህ ቪዲዮ ታያለህ?"

"ተጎድቼ ነው፣ የትናየት። በአባቴ አፈርሽኮ! አባቴ ነጠላ ሰጥቶሽ፣ አንቺ ስሙን ለመጥራት አፈርሽ!"

ያልሁት ይህን ነው። እንደዚያ ተዋርጄም የምመካበት ነገር የቀረኝ መስሎኝ ነበር።



"'የነጋዴ ልጅ ነው' የሚለውን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል?" አለች በዝግታ። "ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀምጠን 'አባትህ ምን ይሠራሉ?' ብዬ ስጠይቅህ ምን አልኸኝ?"

እንግዲህ የዘለልሁት ላይ ደረስን። "ነጋዴ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል" ነበር ያልኋት። ባሕር ዳር አምስት ዓመት ስማር ለጓደኞቼ ያልሁትም ይኸው ነው። ስለለመድሁት ውሸት መሆኑ ትዝ አይለኝም ነበር።

"አባቴ ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣው ያንተ ቃል ነው" አለች። "ቤታችሁ መጥቼ አባትህን ጉድጓዱ ውስጥ ሳያቸው ውሸትህ ገባኝ። አንድ ቀን አነሣሁብህ? አላነሣሁም። ስንቱ ቢያሳፍረው ነው እንዲህ ያለኝ ብዬ አዘንሁልህ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም ሳትጠይቀኝ ይቅር አልሁህ። እኔ ያንተኑ ውሸት አንድ ቀን ብደግመው፣ ሦስት ወር ሙሉ..."

አልጨረሰችውም።

"ይቅር በይኝ" አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። የእሷን ቃል ስንት መቶ ጊዜ እንደ ዘፈን ከፍቼ ካየሁት በኋላ፣ በእኔ አፍ ምንም ክብደት አልነበረውም።

"ባለፈው ቅዳሜ ቤተ ልሔም ሄጄ ለአባቴ ነገርኋቸው" አለች እንባዋን በነጠላው ጠርዝ እየጠረገች። "ያንተን ይቅርታ ጠብቄ ጠብቄ ሲቀር፣ ሳልጠብቅ ሄድሁ። የሸማኔ ልጅ ነው አልኋቸው። ስለ ሸማኔነቱ ምንም አላሉም፤ ስለ ውሸቱ ግን እስካለቅስ ተቆጡኝ። ከዚያ 'እሱስ ምላስ የለውም? ይምጣና በራሱ አፍ ይንገረኝ' አሉ። ይህን ነጠላ ለብሼ የመጣሁት ያን ልነግርህ ነበር።"

"የትናየት፣ እሄዳለሁ፤ አሁኑኑ..."

"ዛሬ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ያሳፈረኝ ደብዳቤው አይደለም" አለች። "ላንተ መጻፌ ነው።"

ዓለሚቱ ቦርሳዋን ይዛላት መጣች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ሁለቱ ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ ሰማያዊው ጥለት እስከማይታየኝ ድረስ አየሁት። ልከተላት እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ "ይቅር እስክትለኝ እግሬ አይሄድልኝም" ያለችው ያን ጊዜ ገባኝ።

*

ቤት ገብቼ ቪዲዮዎቹን አጠፋሁ። ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ለወንድማገኝ ደውዬ እሱም ያለውን እንዲያጠፋ ለመንሁት፤ ምክንያቱንም ሳልደብቅ ነገርሁት። ማሽኑ ጋ ያለው በአንድ ቀን ጠፋ። ሰው ጋ ያለውን ግን የሚያጠፋ ቁልፍ የለም።

በማግስቱ አባቴ ጠራኝ። ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

"ገበያ ላይ ሰው ነገረኝ" አለ። "ያቺ ሰማያዊውን የጠየቀችኝ ልጅ በእኔ አፈረች ይላሉ። እውነት ነው?"

"አዎ" ብል እተርፍ ነበር።

"አይደለም አባዬ። እኔ ነኝ" አልሁት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት፤ የባሕር ዳሩን፣ የመናኸሪያውን፣ የደብዳቤውን፣ የማሽኑን፣ የመሪጌታን መልእክት። አባቴ ክላውድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሠራሁት ግን ከአለቃዬ ይልቅ ገባው። ስጨርስ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ለምርቃትህ ስመጣ ኮት ተውሰህ ያለበስኸኝ፣ በባሕር ዳር ሙቀት፣ ለብርድ ነው ብዬ ያመንሁህ መሰለህ?"

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ያን ኮት ሳያነሣብኝ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ በልቷል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ?"

"ምን ልበልህ?" አለ። "በልጅነቴ እኔንም ያመመኝ እሱ ነው። እኔም አባቴ ሸማኔ ነው ላለማለት ብዙ ቀን መንገድ ቀይሬ ሄጃለሁ። ያንተስ ሲያድግ ይተወዋል ብዬ ነበር።" ከጎኑ አጣጥፎ ያስቀመጠውን ጋቢ አንሥቶ ሰጠኝ። "ወደ መሪጌታው ቤት ሂድ። በኮት እንዳትሄድ ብቻ።"

ጋቢውን ተቀብዬ ፊቴን ሸፈንሁበት። እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ አባቴም እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ።

*

ቅዳሜ በጠዋት ተነሥቼ ደብረ ታቦር ገባሁ፣ ከዚያ በጋይንት መኪና ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ ተጉዤ ቤተ ልሔም ደረስሁ። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል። ጋቢዬን አደግድጌ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

"እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ። ከየት ነህ?"

"ከእስቴ ነኝ፣ የኔታ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

ሕይወቴን ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ነው። አፌ ከልማዱ ወደ "ነጋዴ" ሊሄድ ሲል ያዝሁት።

"የሸማኔው የአገኘሁ ልጅ ነኝ።"

"እ? ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል።"

"የሸማኔው የአገኘሁ ልጅ ነኝ!"

"አልሰማሁህም።"

ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቆሙ። የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ ሦስተኛ ጊዜ ተናገርሁት። ከሃያ ተማሪ መካከል አንዱ ሲስት ለይተው የሚያርሙ ሰው ጆሮ እንደማይደክም የገባኝ በኋላ ነው።

"አሁን ሰማሁ" አሉ መሪጌታ። የጋቢዬን ጠርዝ ይዘው በጣታቸው አሹት። "ደግ እጅ ነው የሠራው። የሚያሳፍርህ ይህ ነበር?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"የምታፍርበትን አታውቅም ማለት ነው። ልጄን ያደረግሃትን ሰምቻለሁ። አሁን ያፈርህ መስለኸኛል፤ ደግ ነው። እኔ ያልሁህን ፈጽመሃል፤ የእሷን ግን እኔ አላዝዝም።"

በዓይናቸው ከኋላዬ ጠቆሙኝ። የትናየት የቤታቸው መቃን አጠገብ ቆማለች። ሦስቱንም ጊዜ ሰምታለች።

ሄጄ ከፊቷ ቆምሁ። ከኪሴ ፖስታ አወጣሁ።

"መልስ ነው" አልሁ። "የዘገየ።"

አልተቀበለችኝም። "ስንት ሰው አንብቦታል?"

"ማንም። እኔም ጽፌ ስጨርስ ደግሜ አላነበብሁትም።"

"እንግዲያ ስሕተት ሞልቶታል።"

"አርሚው" አልሁ፤ ከደረት ኪሴ ያችን የመሰለች አረንጓዴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠኋት።

አልሳቀችም። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር መጣና ተመለሰ። ፖስታውንም እስክሪብቶውንም ወሰደች። ሳትከፍተው ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

"እኔ መልስህን እጠብቃለሁ ብዬ ጽፌልህ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"መጠበቅ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲህ እወቀው" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከአንተ ወደ እርስዎ አልተመለሰችም፤ ያን አንድ ነገር ይዤ እስከ እስቴ ድረስ ተጓዝሁ።

ይኸው ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን ሆነኝ። በየቀኑ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ሹፌሩ ገና ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ የቆሙት ሰዎች ይጠቃቀሳሉ። እሷም እዚያ እንዲህ ቆማ ነበር እያልሁ ጆሮዬ እየጋለ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አባቴ አዲስ ነጠላ ጀምሯል። ዛሬ ስመለስ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ጥለቱ ያው ሰማያዊ ነው።

"ለማን ነው?" አልሁት።

ቀና ብሎ ባዶ እጄን አየ።

"ለማን እንደሆነማ ታውቃለህ" አለኝ። "መቼ ይደርሳል ብለህ ብቻ አትጠይቀኝ።"

እኔም አልጠየቅሁትም። ለመወርወሪያው የድውሩን ክር አቀበልሁት።